መልስ፦ «ኢንሂውማንስ»ን ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ «ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች የሚተርከውን የማርቨል ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ወድጄዋለሁ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤቢሲ ያሳየውን ተከታታይ ፊልም ልየው?» ላልከው፦ ይቅርብህ! ስምንት ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም አላልቅ ይላል።

እኔን ያናደደኝ የንግሥቲቱ የሜዱሳ ነገር ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በኮሚኩ ሲፈጥሯት ኃይሏ ያለው ፀጉሯ ላይ ነው፤ ያነሣል፣ ጠልፎ ይጥላል፣ ያንቃል። የተከታታዩ ሠሪዎች ግን ገና በመጀመሪያው ክፍል ላጯት! ፀጉር በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ገንዘብ ስለሚበላ ይመስለኛል። ካልቻሉ ማን ጀምሩ አላቸው? ሹክሹክታው እንኳ የሚያፈርሰው ንጉሡ ብላክ ቦልትም ሃዋይ ላይ ሲንከራተት ነው የምታየው። ውሻው ሎክጆ ደህና ነው፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ደግሞ በአይማክስ (በግዙፍ ስክሪን) ሲኒማ አሳይተዋቸዋል፤ ምኑን ተማምነው እንደሆነ እንጃ። ይልቅ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ና፤ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ስለ ኮሚኩ እናውራ።