ጥያቄና መልስ፦ አማካይ ቬሎሲቲን ከፖዚሽን ፈንክሽን ማውጣት

ቲቸር፦ ዛሬ ማታ ይሄን ብቻ እንጨርስ፦ ቬሎሲቲ አቅጣጫ ያለው ፍጥነት ነው፣ ፖዚሽን ፈንክሽን ደግሞ በየጊዜው ያለውን ቦታ የሚሰጥ ቀመር። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳያስተኛኝ ቶሎ ቶሎ ጠይቁ።

ሮቢት፦ ቲቸር፣ ቦታው ኤክስ = 2ቲ² − 3ቲ + 5 ነው፣ ኤክስ በሜትር፣ ጊዜው ቲ በሰከንድ። ከ1 እስከ 4 ሰከንድ አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነው? 4ን ሳስገባ 25 መጣ፣ ለ4 ሳካፍለው 6.25። ምርጫው ውስጥ ግን የለም።

ቲቸር፦ አይኖርማ! ቦታን በጊዜ አናካፍልም። የቦታ ለውጥ ለጊዜ ለውጥ ነው። በ4 ላይ 25፣ በ1 ላይ 4። ልዩነቱ 21፣ ለ3 ሲካፈል 7 ሜትር በሰከንድ። በየዓመቱ የሚያናድደኝ ስህተት ስለሆነ ላስረዳ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ሲና 190 ገደማ። ከዚህ ተነስተህ በአንድ ሰዓት ተኩል ደብረ ሲና ገባህ እንበል። የሄድከው 60 ነው፣ በሰዓት 40 ማለት ነው። አንተ ግን 190ን ለ1.5 አካፈልክ፣ 127 ገደማ። የጣርማ በርን ቁልቁለት በዚያ ጉም በ127 የሚነዳ ሹፌር ካጋጠመህ ውረድ። በፈንክሽንህ መጨረሻ ያለችው 5ም እንደ 130ው መነሻ ናት፣ ስትቀንስ ትጠፋለች።

የመንዝ ልጅ፦ ቲቸር የሚኒባሶቹን አነዳድ አላዩም ማለት ነው።

ሮቢት፦ ዋሻው ጋ ሲደርሱ እኮ ሁሉም ይቀንሳሉ።

የመንዝ ልጅ፦ የትኛው ነው የሚቀንሰው?

ቲቸር፦ መንገዱን ተዉትና ወደ ጥያቄው።

አንኮበር፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቬሎሲቲ ደምሬ ለ2 ባካፍልስ? የቅጽበቱን ቬሎሲቲ የሚሰጠው ዴሪቬቲቭ 4ቲ − 3 ነው፣ በ1 እና በ4 ላይ 1 እና 13 ይሰጣል። አማካዩ 7፣ መጣልኝ እኮ።

ቲቸር፦ የመጣልሽ አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ቬሎሲቲው በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ ቋሚ ስለሆነ ነው። ኤክስ = ቲ³ን ከ0 እስከ 2 ሞክሪው። ትክክሉ 8 ለ2፣ 4 ነው። በአንቺ መንገድ 0 እና 12 ተደምሮ ለ2፣ 6 ይወጣል። አንዴ ሠራ ብለሽ አትመኚው።

ጫጫ፦ ፊዚክስ እንዴት ነው የሚጠናው?

ቲቸር፦ በእርሳስ።

ተፈታኝ፦ ኢንትራንስ ላይ ይመጣል?

ቲቸር፦ ፈተናውን እኔ አላወጣውም። ቀጣይ።

የመንዝ ልጅ፦ ቬሎሲቲ ግን በአማርኛ ቶሎታ አይደል?

ሮቢት፦ አሁን ቶሎታ የሚል አለ? ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እኛ ታች ክፍል እንደዚያ ነው የተማርነው። ስፒዱንም ቬሎሲቲውንም ፍጥነት ስትሉት ነው የሚምታታባችሁ።

ቲቸር፦ ያሻችሁን በሉት፣ አቅጣጫውን ብቻ አትርሱ። በሮቢት ፈንክሽን ከ0 እስከ 1.5 ሰከንድ እዩ። ከ5 ሜትር ተነስቶ፣ በ0.75 ሰከንድ 3.875 ላይ ዞሮ፣ ተመልሶ 5 ላይ ነው። አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ። የተጓዘው ግን 2.25 ሜትር ስለሆነ አማካይ ስፒዱ 1.5 ሜትር በሰከንድ ነው።

ጫጫ፦ ከ2 እስከ 5 ከሆነስ? 5ን አስገብቼ ለ5 ላካፍል?

ቲቸር፦ ወንድሜ፣ አንተም በ127 እየነዳህ ነው። ቀንስ!

ጫጫ፦ 40 ሲቀነስ 7፣ 33። ለ3፣ 11?

ቲቸር፦ 11። ደህና እደሩ።