ኮምፒውተሩ ላስመረራችሁ፦ የደብረ ብርሃን ቼዝ ተጫዋቾች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ማታ ጋቢያችንን ደርበን ቼዝ የምንጫወት ጥቂት ሰዎች አለን። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስልክ ላይ ስላለው ኮምፒውተር ሆኗል። የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ የማውቀውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ይጨርሰኛል። የማሸነፊያ ዘዴ አለ?

የለም። ካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮን እያለ በ1997 ኒውዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ በተባለ ኮምፒውተር 3.5 ለ 2.5 ተሸንፏል። ዛሬ ኪስህ ያለው ስልክ ከዚያ ማሽን የተሻለ ይጫወታል። ስለዚህ እሱን ለመጣል አትድከም።

ደረጃውን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ አይጥመኝም። እንደ ሊቅ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ንግሥቱን በነፃ ይሰጠኛል። ለምን?

ጥሩ አይተሃል። የስቶክፊሽ ደረጃ ከ0 እስከ 20 ነው። ስትቀንሰው ማየቱን አይተውም። ጥሩ ጥሩ እርምጃዎችን ያይና አልፎ አልፎ ሆን ብሎ ደካማውን ይመርጣል። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የሰው ስህተት ዓይኑ አንድ ቦታ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ የአንተን ፈረስ ሲያሳድድ የራሱን ንጉሥ ይረሳል። ጓደኛህን ስታሸንፍ የሚጥምህም ያንን ስህተት አንተ ስላመጣህበት ነው። ማሽኑ ግን ከልጁ ጋር ሲታገል አውቆ እንደሚወድቅ አባት ነው። ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል ይገባዋል፣ ይናደዳልም።

ለዚህ ማያ የምትባለውን የቼዝ ፕሮግራም ሞክር። ማያ ምርጡን እርምጃ እንድትፈልግ አልተሠራችም። ሰዎች ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች ተምራ፣ በመረጥከው ደረጃ ያለ ሰው ምን ይጫወት ነበር ብላ ትገምታለች። እዚያው ሊቼስ ላይ ትገኛለች። ስትሳሳት እንደኛ ነው የምትሳሳተው።

ጋሼ፣ ማሽኑ ያለ ንግሥት ቢጀምርልኝ አያሳፍርም? (ከሸዋ ሮቢት)

ምን ያሳፍራል እቴ! በብልጫ መጫወት የቆየ ወግ ነው። መጀመሪያ ንግሥቱን አንሺበት። ደጋግመሽ ካሸነፍሽው ንግሥቱን መልሺለትና ሩክ (ግንቡን) አንሺ፣ ቀጥሎ ፈረስ ብቻ። እኔ ፈረስ ላይ ቆሜያለሁ፤ እስካሁን እየቀጣኝ ነው። የሚጥመው ደግሞ ማሽኑ ሙሉ ኃይሉን እየተጫወተ መሆኑ ነው፤ ያሸነፍሽው ጨዋታ የእውነት ነው። አንድ ምክር፦ ጠጠር በጠጠር ተለዋወጪ። ሰሌዳው በቀለለ ቁጥር ብልጫሽ ይከብደዋል።

እኛ መሐል ሜዳ ከተማ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ስቶክፊሽ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኔትወርክ ሲኖር ጭናችሁ አስቀምጡ።

እርምጃ መመለስ ነውር ነው?

ከሰው ጋር ነውር ነው። ከማሽን ጋር ግን እኔ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ለራሴ ፈቅጃለሁ። አራተኛው ሲያምረኝ ስልኩን አስቀምጬ ቡና እጠጣለሁ።

የድሮው የኛ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዥስ ለኮምፒውተር ይከብደው ነበር?

ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ስልክ ላይ ቢሆን ማሽኑ እኔ አንድ ወታደር ሳነሳ ሰልፉን ሁሉ ይጨርሳል። በእውነተኛ ሰሌዳ ላይ ግን እጅ የለው፣ ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስለት ሰው ይፈልጋል። እኔ አልሆንለትም።