የሞተ ቋንቋ እንጀራ ይሆናል?

“በቋንቋ ትምህርት ተመርቄ ለገጣፎ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ድምፅ አስተካክላለሁ። ማታ ማታ የጠፉ ቋንቋዎችን ቅጂ ሳዳምጥ አመሻለሁ። አባቴ ‘የሞተ ቋንቋ ምን እንጀራ ይሆናል?’ ይለኛል። ሙያ ይሆነኛል?”

እህቴ፣ ይሆንሻል። ለብቻው ግን የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ አባትሽ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። የታዝማኒያዋ ፋኒ ኮክሬን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1903 ዘፈኖቿን በሰም ሲሊንደር፣ በዚያ ዘመን የድምፅ መቅጃ፣ አስቀዳች። ከደሴቲቱ ነባር ቋንቋዎች በድምፅ የተረፈው ይኸው ነው። ሌላው አውሮፓውያን ጆሯቸው እንደሰማው የጻፉት የቃላት ዝርዝር ነው። የኛው ጋፋትስ፣ እዚሁ አገራችን ይነገር የነበረው የጠፋ ቋንቋ? የቋንቋ ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲደርስ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጋፋት ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ በፊደላችን ተጽፎ አለ። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንብበሽው እንኳ አፍ ላይ እንዴት እንደነበር ገና መመርመር አለብሽ። ይህን የሚመረምር የሰለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ እሱን ጀምረሽዋል።

አንድ የስቱዲዮ ልማድ ግን ተዪ። ለሰርግ ቪዲዮ ሹክሹክታውንና ጫጫታውን ጠርገሽ ታወጪያለሽ። አሮጌ ቅጂ ላይ እንዲህ ካደረግሽ ‘ሰ’ እና ‘ፈ’ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ድምፃቸው ከሲሊንደሩ ሽሽታ ጋር ይመሳሰላል። ዋናውን ፋይል ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ (WAV) አስቀምጪው፣ አትንኪው። የምትሠሪው በግልባጩ ላይ ይሁን።

አሁን ፕራት (Praat) እና ኢላን (ELAN) የተባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተማሪ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ፕራት የድምፁን ምስል ያሳይሻል፤ ኢላን ጽሑፉን ከድምፁ ጋር በሰዓት ያያይዝልሻል። ዓለም አቀፉን የድምፅ አጻጻፍም (IPA) እጅሽ እስኪለምደው ጻፊበት። እነዚህን የያዘ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ረዳት ይሆናል፣ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይሠራል፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይሩ ፕሮግራሞች የአማርኛና የኦሮምኛ ድምፅ ያዘጋጃል። ኪራዩን ይህኛው ይክፈልልሽ።

ናሙና ሥሪ። ሰፈርሽ ካሉ የኦሮሞ አዛውንት አንዱን አስፈቅደሽ አጭር ተረት ቅጂ። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ‘ይቅር’ ካሉ ይቅር። ከዚያ በኢላን ጽፈሽ ጨርሺው። ለመምህሮችሽ ባዶ ሲቪ ሳይሆን እሱን ይዘሽ ሂጂ። ከማመልከቻሽ ጋርም አያይዥው።