ትምህርት ቤት ስትመርጪ መውጫውንም ጠይቂ

እህቴ፣ «ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ላስገባው፣ የግል፣ ሞንቴሶሪ ወይስ ቤት ላስተምረው? ለመሆኑ ሁሉን ያሟላ ትምህርት ቤት ቢኖር ምን ይመስል ነበር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። ግማሹ ሰው «የግል ይሻላል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «እኛስ የመንግሥት ተምረን ምን ሆንን?» ይላል። ሁለቱም አይጠቅሙሽም። ልጅሽ ዝምተኛ እንደሆነና ሰው ሲበዛ እንደሚደነግጥ ጽፈሻል። የእኔም ታናሹ ልጅ ቁርጥ እንደዚያ ነው፤ ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ የእኔ ጉዳይ ነው ብዬ ልጻፍልሽ። ስለ ክፍያ፣ ስለ ርቀትና ስለ ዩኒፎርም ራስሽ ታውቂያለሽ፤ እዘለዋለሁ።

1. በበሩ ላይ የተጻፈውን አትመኚ። ሞንቴሶሪ ማለት ልጁ በተዘጋጁለት ዕቃዎች ራሱ መርጦ እየሠራ የሚማርበት አሠራር ነው፤ ስሙ ግን በብዙ አገር ባለቤት የለውም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከፈተች፤ በ1929 ደግሞ ከልጇ ጋር ሆና መምህራን የሚያሠለጥን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋመች። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ስሙን የሚለጥፈውን ሁሉ ማስቆም አይችልም። አሜሪካ ውስጥ በ1967 ክርክር ተነሥቶ ስሙ የአንድ ወገን የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ተወስኗል። ስለዚህ ማንም ሰው ትንንሽ ወንበር ገዝቶ፣ ግድግዳ በቀለም አሸብርቆ በስሟ ሊነግድ ይችላል። ክፍያውን ግን እንደ እውነተኛው ነው የሚተምነው።

ትልቋ ልጄ የጀመረችበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። ከሞንቴሶሪ መለያ ዕቃዎች አንዱ ሮዝ ግንብ የሚባለው ነው። ዐሥር ኩቦች አሉት፤ የትንሹ ጎን 1 ሴንቲሜትር፣ የትልቁ 10 ሴንቲሜትር ነው። ልጁ ከትልቁ ጀምሮ ወደ ላይ ይደረድራል፤ ከተሳሳተ መምህር መቆጣት አያስፈልጋትም፤ ስህተቱን ግንቡ ራሱ ያሳየዋል። በዚያ ትምህርት ቤት ግንቡ የተቀመጠው የልጅ እጅ በማይደርስበት የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አቧራ እንኳ አልነካውም። መምህሯን «ልጆቹ መቼ ነው የሚሠሩበት?» ብላት «እንዳይጠፋብን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እናወርደዋለን» አለችኝ፤ ቅር እንኳ ሳይላት። ከቁም ሣጥኑ ሥር የአራት ዓመት ልጆች በረድፍ ተቀምጠው ከሰሌዳ ፊደል ይገለብጡ ነበር።

ስለዚህ ስሙን ተዪውና ሦስት ነገር እዪ። ዕቃው በልጁ ቁመት ልክ ተቀምጧል? ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ላይ ናቸው? ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ደወል ሳይቆርጣቸው ይሠራሉ? ሦስቱም ከሌሉ የከፈልሽው ለጽሑፉ ነው።

2. ሳትመዘገቢ መውጫውን ጠይቂ። ይህን ማንም አይነግርሽም። «ልጄን በዓመቱ አጋማሽ ባወጣው መሸኛውንና የውጤት ማስረጃውን በስንት ቀን ትሰጡኛላችሁ? ምን ያህልስ ታስከፍሉኛላችሁ?» በያቸውና መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። የፈረምሽበትን ቅጽ ግልባጭ ሳትይዢ ከግቢው እንዳትወጪ።

ልጃችንን ከዚያ ትምህርት ቤት ለማዛወር ስንወስን መዝገብ ቤቱ ያደረሰብን በደል እስካሁን ያንገበግበኛል። ወላጅ የሚያነጋግሩት በመስኮት ነው፤ ጎንበስ ካላልሽ ፊታቸውን አታዪውም። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «የዓመቱ ክፍያ ካልተጠናቀቀ መሸኛ የለም» አለችኝ። ልጄ ለማትማርበት ወራት ለምን እከፍላለሁ? «ደንብ ነው።» ደንቡን አሳዪኝ። «ከቅጹ ጀርባ አለ።» ቅጹን አሳዪኝ። «ኃላፊው የሉም።» ኃላፊው የተገኙ ዕለት ደግሞ የፋይል ክፍሉ ቁልፍ የለም። አዲሱ ትምህርት ቤት ያለ መሸኛ አልመዘግብም ብሏል፤ ልጅቷ ቤት ተቀምጣለች፤ እኔ ከሥራ እየተፈቀደልኝ ደጅ እጠናለሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት «ሌላው ወላጅ ከፍሎ ይወጣል፤ እርስዎን ምን የተለየ ያደርግዎታል?» አሉኝ። ከኋላዬ የቆሙት ወላጆች መሬት መሬቱን ያያሉ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ጥርስ እንዳይነከስባቸው ይፈራሉ።

ባለቤቴ «ከፍለን እንገላገላቸው» ብሎ ነበር። እኔ ግን ወይ ፍንክች። ነገሩን የፈታው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መሸኛውን የከለከላችሁበትን ምክንያት በፊርማና በማኅተም አድርጋችሁ በጽሑፍ ስጡኝ።» ኃላፊው ማኅተሙን አነሡ፤ አገላብጠው አዩት፤ መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በቃል የሚባለው ሁሉ በጽሑፍ እንደማይባል ገብቷቸዋል። እኔ ደግሞ ጥያቄዬን በሁለት ቅጂ ጽፌ፣ ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለተቆጣጣሪው የትምህርት ጽሕፈት ቤት» ብዬበት፣ አንዱ ላይ መቀበላቸውን አስፈረምኳቸው። መሸኛው በዚያው ሳምንት ወጣ። ያስያዝነው ገንዘብ ግን እዚያው ቀረ፤ እርሱን ሆድ ይፍጀው። በኋላ ሰምቼ ደስ ያለኝ፣ ወረፋው ላይ አንገቷን ደፍታ የነበረች አንዲት እናት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ተጠቅማ ልጇን ማውጣቷን ነው።

ልጅቷ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ እኔው አስተማርኳት፤ ስለዚህ ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት የምነግርሽ በወሬ የሰማሁትን አይደለም። መጀመሪያ የምትኖሪበትን አገር ሕግ እዪ፤ ጀርመን ውስጥ አይፈቀድም፤ አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ የቁጥጥሩ ጥብቀት ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ትምህርቱ ራሱ አላስቸገረኝም። ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን የሚወስደው ሒሳብ አንድ ለአንድ ስትሆኑ ከረፋዱ በፊት ያልቃል። ያስቸገረኝ የምትከራከረው ሰው ማጣቷ ነው። መልሷ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የእኔን ፊት ማንበብ ጀመረች፤ ቅንድቤ ከተነሣ እርሳሷን አንሥታ ታጠፋለች። ዝምተኛ ልጅ ቤት ሲውል ዝምታው ይመቸዋል፤ ለእናትም ይመቻል። ያንቺው ልጅ ላይም ይህን እፈራለሁ። አጠገብሽ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሌሎች ቤተሰቦች ካሉና አብረው የሚውሉበት ቀን ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

3. የመንግሥት ትምህርት ቤትን በሩቁ አትናቂ። ትልቋ ልጄ በመጨረሻ የገባችው እዚያ ነው፤ ዘመድ ሁሉ «ከዚያ አውጥታ እዚህ!» ብሎ ከንፈሩን መጦልኛል። ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ አልዋሽሽም። የተማሪ ቁጥር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቴነሲ ግዛት ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት በተደረገ ሙከራ ልጆችን በዕጣ እየደለደሉ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለው ክፍልና ከ22 እስከ 25 ባለው ክፍል አስተምረዋቸው ነበር። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በልጠው ተገኙ፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ የድሃ ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አለው?» ሳይሆን «ልጄ የሚገባበት ክፍል ስንት ተማሪ አለው?» ብለሽ ጠይቂ።

ግን ያቺ የሒሳብ መምህር! ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ልጅ የክፍልፋይ ድምር ተሳሳተ፤ ሁለቱን ላይኞች ደመረ፣ ሁለቱን ታችኞች ደመረ። መምህሯ አልሰረዘችውም። የተሳሳተውን መልስ በራሷ እጅ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችና «ይህን የሠራ ሰው ምን አስቦ ነው? ሐሳቡ ከየት መጣ?» ብላ ክፍሉን ጠየቀች። ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ የስህተቱን መንገድ ተከተሉት። ግማሽ ሲደመር ግማሽ በዚያ መንገድ ሲሠራ ሁለት አራተኛ፣ ማለትም መልሶ ግማሽ፣ መምጣቱን ሲያዩ ያ ልጅ ራሱ ሳቀ። የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ግንብ ሊያደርግ የሚገባውን ሥራ ይህች ሴት በጠመኔ ሠራችው። ልጄ ዛሬ መልሷን ለማወቅ የእኔን ፊት አታይም፤ እንዲያውም የአባቷን የወጪ ስሌት ታርማለች። አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ዘመዶቼም ይስሙ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው በትምህርት ቤቶቿ የምትወደሰውን አገር ጠርቶ «ፊንላንድ» ማለቱ አይቀርም። አዎ፣ ከ1972 እስከ 1977 ባለው ጊዜ ልጆችን ገና በጠዋቱ በሁለት መንገድ የሚለያየውን አሠራር ትተው ሁሉንም በአንድ ዓይነት የዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው፤ አገር አቀፍ ፈተና የሚመጣው በሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ነው። «ፈተና የላቸውም» እያለ የሚጽፈው ሰው ግን የክፍል መምህር ለመሆን የማስተርስ ዲግሪ እንደሚጠየቅ አይጨምርም። ፈተናውን ማንሣት የሚቻለው መምህሩ የሚታመን ሲሆን ነው።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀሩትን በአጭሩ። አዳሪ ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመት ልጅ ብለሽ እንዳታስቢው። የእምነት ተቋማት ትምህርት ቤት እንደ አስተዳዳሪው ነው፤ ሥርዓቱ ደስ የሚል አይቻለሁ፣ ልጅ የሚያሸማቅቅም አይቻለሁ። ዋልዶርፍ የሚባለው የትምህርት ቤት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1919 ሽቱትጋርት ውስጥ ለአንድ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች በሩዶልፍ ሽታይነር የተጀመረ ነው። ወንዱም ሴቱም ሹራብ መሥራት ይማራል፤ ንባብ አይጣደፍም፤ አንድ መምህር በተለምዶ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብሯቸው ያድጋል። መምህሩ ጥሩ ከሆነ ለዝምተኛ ልጅ በረከት ነው። መጥፎ ከሆነስ? ስምንት ዓመት! እንግሊዝ አገር ያለው ሰመርሂል የሚባል ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 በኤ. ኤስ. ኒል የተመሠረተ ሲሆን ክፍል መግባት በልጁ ፈቃድ ነው፤ የግቢውን ደንብ የሚያወጣው ጉባኤ ላይ የትንሹ ልጅ ድምፅና የርዕሰ መምህሩ ድምፅ እኩል ነው። በ2000 መንግሥት አሠራራችሁን ቀይሩ ብሎ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ተማሪዎቹ እዚያው ችሎቱ አዳራሽ ተሰብስበው የቀረበውን የስምምነት ሐሳብ በድምፅ ተቀብለውታል። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ልጄ ግን በክፍል በር በኩል እያለፈ ለዓመታት ኳስ ሲጫወት ለማየት አቅሙ የለኝም።

ሁሉን ያሟላ ትምህርት ቤት ብለሽ ላነሣሽው የእኔን ልንገርሽ። ከሞንቴሶሪ ደወል የማይቆርጠውን ረጅም ጠዋትና ትልቁ ልጅ ትንሹን የሚያሳይበትን ክፍል እወስዳለሁ። ከዋልዶርፍ የእጅ ሥራውን፤ ከሰመርሂል ጉባኤውን፣ ክፍል መቅረቱን ሳልጨምር። ሬጆ ኤሚሊያ ከምትባለው የጣሊያን ከተማ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች የሥዕልና የቅርጽ ክፍሉን እወስዳለሁ፤ እዚያ አካባቢ በ1945 ከጦርነቱ ማግስት የአንድ መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ ጥቂት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀምረዋል። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሀብታሙም የድሃውም ልጅ አንድ ወንበር ላይ መቀመጡን፤ ያቺን የሒሳብ መምህር ደግሞ ከነጠመኔዋ። ልጅን ከአንድ እስከ መጨረሻ ደርድሮ «ስንተኛ ወጣ» ማለት የለም። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። ይህን ስል ትስቂ ይሆናል፤ ዝምተኛ ልጅ ግን አስፈቅዶ መውጣት ስለሚያፍርና ሽንት ቤቱ ስለሚያስጠላው ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል፤ ውኃ መጠጣትም ይተዋል። የእኔው አድርጎታል። ቢሮ ሲያስጎበኙሽ ሽንት ቤቱን አሳዩኝ በያቸው። መዝገብ ቤቱም መስኮት ሳይሆን በርና ወንበር አለው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የትም አላገኘሁም፤ አንቺም አታገኚም። ታናሹን ያስገባሁት እኅቱ በተማረችበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩትን መምህራን ቁጭ ብዬ ካየሁ በኋላ። አንቺም በተራ ቀን፣ የወላጆች በዓል ባልሆነበት ቀን፣ «አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ልቀመጥ» ብለሽ ጠይቂ። ልጅ ሲሳሳት መምህሩ የሚያደርገውን ብቻ እዪ። «ትምህርት ይረበሻል» ብለው ከከለከሉሽ ሌላ ቀን መቼ እንደሚቻል ጠይቂ፤ ቀን ካልሰጡሽ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊ። ቅጹን እንዳትፈርሚ። ለመዝገብ ቤቱ የጻፍኩትን ደብዳቤ የምትፈልጉ ካላችሁ ስሞቹን ሰርዤ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ቀኑንና የልጃችሁን ስም ብቻ መሙላት ነው።