«አባቴን ሳልቀብረው ቀረሁ፤ ለነፍሱ ምን ላድርግለት?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከሪያድ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። አባቴ አምና ዐረፈ። ቤተሰቦቼ «ብቻዋን ናት፣ ትጎዳለች» ብለው ደበቁኝ። መርዶውን የሰማሁት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ የታክሲ ሹፌር ነበር። ስድስት ልጆች ያሳደገው በዚያችው መኪና ነው። እሑድም ይሠራ ስለነበር ቅዳሴ ብዙ አልቆመም። ግን ሌሊት አስር ሰዓት ሲወጣ፣ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ ተሳልሞ ነበር የሚሄደው። አሁን ሙት ዓመቱ ደርሷል። ወንድሞቼ «በሬ አርደን ድንኳን ካልጣልን ሰው ምን ይለናል? ብሩ ካልበቃ በወለድ እንበደር» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በኢሞ የላከልኝን የመጨረሻ ድምፅ ማታ ማታ እየሰማሁ አለቅሳለሁ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ለነፍሱስ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ከለቅሶሽ ልጀምር። ማልቀስሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል (ዮሐ 11፥35)። እስራኤል ሙሴን 30 ቀን አልቅሰውለታል (ዘዳ 34፥8)። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው ያላቸው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዮሴፍ ትዝ አለኝ። እሱም በሰው አገር ሰው ቤት አገልግሏል። አባቱ ቤት የሆነውን ሳያውቅ ስንት ዓመት ኖሯል። ለወንድሞቹ ራሱን የገለጠ ዕለት የተናገረውን ታስታውሻለሽ? «እኔ ዮሴፍ ነኝ፤ አባቴ እስከ አሁን በሕይወቱ ነውን?» (ዘፍ 45፥3)። ስለ በደላቸው ገና ምንም ሳይል አባቱን ጠየቀ። ዮሴፍ አባቱን በሕይወት አገኘው፣ አንቺ አላገኘሽውም። ይህ ከባድ ነው፤ አላቃልልብሽም።

ቤተሰቦችሽ የደበቁሽ ከፍቅር ነው፣ ይቅር በያቸው። ነገር ግን ይህን ለሚያነቡ ሁሉ ልናገር፦ ሰው አገር ያለ ልጅ መርዶ ሲደበቅበት ለአባቱ የሚጸልይበት አርባ ቀን ይወሰድበታል። በዚያው ሰሞን «አባባ ደህና ነው፣ ተኝቷል» እየተባለ የሳቀው ሳቅ ኋላ ያቃጥለዋል። አብሮት የሚሆን አንድ ሰው ፈልጋችሁ፣ በእሱ በኩል በጊዜው አርዱት።

አሁን ወደ ሥጋትሽ ልምጣ። አባቴ ቅዳሴ ብዙ አልቆመም ብለሻል። ሰንበትን መሥራት ልክ ነው አልልሽም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችኝም። ፍርዱ ግን የእግዚአብሔር ነው፤ የእኔም የጎረቤትም አይደለም። ደግሞም ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው «ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» ይላል (1ኛ ጢሞ 5፥8)። አስቢው፣ ቤተሰብን መርሳት ሃይማኖትን መካድ ከሆነ፣ ስድስት ልጅ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ማሳደግ ከሃይማኖት ውጭ ሊሆን አይችልም። ያ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ደጅ የሚሳለም ሰው ጸሎቱን በዚያች አጭር ጊዜ አድርሶ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ሆኖ ለእናንተ ይኖር ነበር።

የእኔ አባት ገበሬ ነበር። ራት ላይ የደረሰችውን ቁራጭ ሥጋ በእንጀራ ሸፈን አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ጎን ይገፋት ነበር። ከዚያ «ጠገብኩ» ብሎ እጁን ይታጠባል። ጠግቦ እንዳልነበር የገባኝ እኔ ራሴ ልጆች ስወልድ ነው። ዛሬ ለነፍሱ ስጸልይ መጀመሪያ የምትመጣብኝ ያቺ ቁራጭ ናት።

ለሙታን መጸለይ ይገባል ወይ የሚሉሽ ይኖራሉ። አዎ፣ ይገባል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ጌታ ይስጠው» ብሎ ጸልዮለታል (2ኛ ጢሞ 1፥18)። ሰላምታና በረከቱን ለቤተ ሰዎቹ መላኩን አይተው፣ ሰውየው ያን ጊዜ ዐርፎ ነበር ብለው የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። በየቅዳሴውም ያንቀላፉት ይታሰባሉ። ፍትሐቱ፣ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ የዚሁ ጸሎት ቀኖች ናቸው። ጌታ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል፣ በአርባኛው ቀን ዐርጓል፤ ሣልስትና አርባ ስንል ከሞት በኋላ ትንሣኤ አለ እያልን ነው። አርባው ስላለፈሽ የቀረብሽ በር የለም። ሙት ዓመቱ ሊመጣ ነው፣ ከዚያም ሰባት ዓመቱ አለ።

ስለ ድግሱ ግን በግልጽ ልንገርሽ። በወለድ ተበድራችሁ እንዳትደግሱ። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነው። መታሰቢያነቱ በጸሎቱና በምጽዋቱ እንጂ በበሬው አይደለም። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ብሏል (ሉቃ 14፥12-14)፤ የሚከፍሉህ የላቸውምና። ድንኳን ጥለን የጠገበ ሰው አብልተን፣ የኔ ቢጤውን ከበር ስንመልስ አይቻለሁ። በጣም አዝኛለሁ። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ልጆቹን ከዕዳ ሲጠብቅ ኖሯል፤ በስሙ ዕዳ ውስጥ መግባታችሁ እሱን አያስደስተውም።

ወንድሞችሽን እንዲህ በያቸው። መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያኑ አሳውቁና በቅዳሴ ስሙ ይጠራ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ አቅማችሁ የፈቀደውን ስጡ። ከዚያ እንጀራና ወጥ ሠርታችሁ በዚያው ደጅ ለተቀመጡት አብሉ። አባትሽ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ይሳለምበት የነበረው ደጅ ማለቴ ነው። ቀኑ ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ይሁን። የሰፈር ሰው ያማ ይሆናል፤ ሦስት ቀን አምቶ ይተወዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ልጆች የሚቸገሩበት። ዲያቆኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ይላሉ። አባታቸውን «አባባ» እያሉ አድገው የክርስትና ስሙን አያውቁትም። አንቺ ታውቂዋለሽ? ካላወቅሽ ታላቆችሽን፣ አክስትሽን ወይም የነፍስ አባቱን ዛሬውኑ አስጠይቂ። ጨርሶ ከጠፋም አትጨነቂ፣ በዓለም ስሙ ያስጠሩት፤ እግዚአብሔር አይስተውም።

አንቺ ደግሞ ያለሽበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የዕረፍት ቀንም ላይኖርሽ ይችላል። ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ያለው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው (ማቴ 6፥6)። ማታ ሥራ ስትጨርሺ አባታችን ሆይ በይ። ከዳዊቱ መዝሙር 102ን አንብቢ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 103 ነው። «አባት ለልጆቹ እንደሚራራ እንዲሁ እግዚአብሔር ለሚፈሩት ይራራል» ይላል። እዚያ ላይ ስትደርሺ የአባትሽን ስም ጥሪ።

ድምፁን አትሰርዢው። መስማትሽ ኃጢአት አይደለም። ሙታን መጥራትም አይደለም፤ አንቺ የምትሰሚው በሕይወት ሳለ የተናገረሽን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አትደጋግሚው፣ ነገ ሥራ አለብሽ። አንዴ ሰምተሽ መዝሙሩን አንብቢና ተኚ።

የክርስትና ስሙን ስታገኚው ጻፊልኝ፤ እኔም በጸሎቴ አስበዋለሁ።