የቤት ሥራው የማን ነው? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ልጆች የቤት ሥራ ናቸው። የጻፉልኝ ግን ልጆቹ ሳይሆኑ ወላጆቹ ናቸው። ከአንዲት ተማሪ በስተቀር። እሷን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ታገኟታላችሁ።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል ልጄ «ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ?» የሚል የሳይንስ የቤት ሥራ ተሰጠው። እኔም «ምድር ወደ ፀሐይ ስትጠጋ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይቀዘቅዛል» ብዬ አስጻፍኩት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ መለሰው። ልጄ ፊት አፈርኩ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አይፈሩ፤ ብዙ የተማረ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ገና የምረቃ ካባቸውን ሳያወልቁ ይህንኑ ተጠይቀው፣ አብዛኞቹ ልክ እንደ እርስዎ ነው የመለሱት።

ርቀቱ መለዋወጡስ እውነት ነው። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ 147 ሚሊዮን፣ ስትርቅ ደግሞ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በጣም የምትቀርበው መቼ መሰለዎት? በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ። ያኔ ሰሜን አውሮፓ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ አውስትራሊያ ደግሞ በሙቀት ትቃጠላለች። ነገሩ የርቀት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ላይ በሞቃቸው ነበር።

ምክንያቱ የምድር መዝመም ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞረው ቀጥ ብላ ሳይሆን 23.5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው። የዘነበለችበት አቅጣጫም ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። ስለዚህ በጉዞዋ አንዱ ጫፍ ላይ ሰሜናዊው ግማሽ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ስድስት ወር ቆይቶ ተራው የደቡቡ ይሆናል። ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ወገን ጨረሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ያርፍበታል፣ ቀኑም ይረዝምለታል። ይሞቀዋል ማለት ነው።

ይህን በቃል ብቻ ከነገሩት ልጁ ሸምድዶ ነገ ይረሳዋል። ማታ መብራቱን አጥፉና ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። ልጁ በእጅ ባትሪ ከላይ ቀጥ አድርጎ ያብራበት። ክብ ብርሃን ይታያል፤ ዳሩን በእርሳስ ይክበበው። ቀጥሎ ባትሪውን ሳያርቅ ዘንበል ያድርገው። ክቡ ተለጥጦ ሞላላ ይሆናል፣ ይደበዝዛልም። እሱንም ይክበበው። ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ያው ነው፤ የሚደርሰው ቦታ ግን ሰፋ። «አንተ ጉንዳን ብትሆን የቱ ላይ ይሞቅህ ነበር?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ይበሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ መጽሐፍ ላይ አራቱ ወቅቶች የሚሳሉት በበረዶ፣ በአበባ፣ በፀሐይና በሚረግፍ ቅጠል ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር የሚኖር ልጅ በመስኮት ሲያይ በረዶ የለም፤ ግራ ይገባዋል። ቢገባውም አይፈረድበትም። እዚያ አካባቢ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሙቀቱም ብዙ አይዋዥቅም። ወቅቱን የሚለየው ዝናቡ ነው። ልጁ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ከመገልበጡ በፊት በመስኮት ያየውን ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን ለአንድ ወር በየቀኑ የአየር ሁኔታ መዝግቡ ብሎን ነበር፤ እኔ ረሳሁት። የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ ሙዪው፣ ማን ያውቃል» አለችኝ። ለእማዬም አልነገርኳትም። ልሙላው?

መልስ፦ አትሙዪው፣ የኔ ልጅ። መምህርሽ ያውቃል። ክፍሉ በሙሉ ማክሰኞ ዝናብ ነበር ብሎ አንቺ ብቻ ፀሐይ ስትስዪ ምን እንደሚመስል አስቢው እስቲ።

ያለፉትን ቀናት «አልተመዘገበም» ብለሽ እለፊያቸው። የአየር ሁኔታ የሚመዘግቡ ባለሙያዎችም ያልለኩትን ቀን ባዶ ይተዉታል እንጂ አይፈጥሩም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠንከር አድርጊው። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ወደ ማታ ውጪና ደመናውን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን ጻፊ። የዛፉ ቅጠል ዝም ብሏል? ቅርንጫፉ ይወዛወዛል? እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ «ነፋስ አለ» ብቻ ብለሽ አትለፊው።

ሌላ ደግሞ፣ ሜዳ ላይ አንድ እንጨት ቀጥ አድርገሽ ትከዪ። እኩለ ቀን ላይ ጥላውን በማስመሪያ ለኪው። በአንድ ሳምንት ብዙ ለውጥ አታዪም። ቤት ውስጥ ቀን መቁጠሪያ ላይ በየወሩ ብትጽፊው ግን ጥላው ዓመቱን ሙሉ ሲረዝምና ሲያጥር ታያለሽ። ላይኛው ጥያቄ ላይ ያለው መዝመም እንጨትሽ ሥር ተጻፈልሽ ማለት ነው። ለሪፖርትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ላውስሽ፦ የአየር ሁኔታ የዛሬ ነው፣ ወቅት የወራት ነው፤ አንድ ቀን ስለዘነበ ወቅቱ አልተቀየረም።

ለእማዬ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪያት። ለመምህርሽም ከመሰብሰቡ በፊት።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ክፍል ልጄ የማባዛት ሠንጠረዥ አልያዝልሽ አላት። በየማታው ለቅሶ ነው፤ እሷም እኔም። አባቷ ነኝ።

መልስ፦ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ከሆነ ያውርዱት። ከ1 እስከ 10 ያለው ሲታይ 100 ጥያቄ ነው፤ ትልቅ ሰውም ያስደነግጣል። ይልቅ እስክሪብቶ ይስጧትና አብራችሁ ሰርዙ።

3 ሲባዛ በ7 እና 7 ሲባዛ በ3 ያው ነው። ይህ ብቻ 100ውን ወደ 55 ያወርደዋል። የ1 እና የ10 ጥናት አያስፈልገውም። የ2 እጥፍ ማድረግ ነው። የ5 እየዘለሉ መቁጠር ነው። እነዚህን ስትሰርዝ 21 ብቻ ይቀሯታል።

አሁን የ9። 9 ሲባዛ በ7 ስንት ነው? ከ7 አንድ ሲቀነስ 6። 6 ዘጠኝ ለመሙላት 3 ይጎድለዋል። መልሱ 63። በ4 ትሞክረው፦ 3፣ ከዚያ 6፤ 36። ልጆች ይህን ሲያዩ አስማት ይመስላቸዋል፤ ለአንድ ሳምንት ያገኙትን ሰው ሁሉ ሲፈትኑበት ይከርማሉ። ይህም ሲወጣ የሚሸመደደው 15 ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው 7 ሲባዛ በ8 ነው። 5፣ 6፣ 7፣ 8 ብላ ትቁጠር፦ 56 ማለት 7 ሲባዛ በ8።

በቀን ሁለት ሁለት ይበቃታል። ደግሞ ማታ እንቅልፍ ሲመጣባት አይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከአራት ትምህርት የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትፈጃለች። ይህ ጤነኛ ነው?

መልስ፦ በዝቷል። በብዙ ቦታ የሚጠቀስ አንድ ልማድ አለ፤ ለክፍሉ ቁጥር 10 10 ደቂቃ። በዚህ ሂሳብ ሁለተኛ ክፍል 20 ደቂቃ ይሆናል። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ከፍ ባሉት ክፍሎች ጎላ ብሎ በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ሁለት ሰዓቱ በእርግጥ ሥራ ነው ወይስ 20 ደቂቃ ሥራ፣ የቀረው እርሳስ መቅረጽና ውሃ ጠማኝ? ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱ ትምህርት የወሰደውን ደቂቃ ደብተሯ ጀርባ ላይ ይጻፉ። በእርግጥ ሥራው ከበዛ ወረቀቱን ይዘው መምህሯን ያነጋግሩ። የአራት ትምህርት መምህራን አንዱ ሌላው የሰጠውን ሳያውቅ ሁሉም በአንድ ቀን የሚያሸክሙበት ጊዜ ብዙ ነው። «በዛባት» ከማለት «ማክሰኞ 115 ደቂቃ» ማለት ቶሎ ያግባባል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ንባቡን ያንበለብለዋል። «ምን አነበብክ?» ስለው ግን አፉን ይዞ ይቀራል።

መልስ፦ ፍጥነቱ ነው የሸወዳችሁ። በየአንቀጹ ያስቁሙትና መጽሐፉን ገልብጦ «ማን ነበር? ምን ሆነ?» ለሚለው ይመልስ። ካልመለሰ ያንኑ አንቀጽ ቀስ ብሎ ይድገመው። አንዳንዴ ደግሞ እርስዎ ያንብቡለትና እሱ ይጠይቅዎ፤ አያትን መፈተን የማይወድ ልጅ የለም።

ጥያቄ፦ የሥዕል የቤት ሥራዋን እኔ ብሠራላት ምን አለበት? ታበላሸዋለች።

መልስ፦ ታበላሽ።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል ልጄ ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መልሱን ይገለብጣል። ስልኩን ልቀማው?

መልስ፦ ቢቀሙት ጓደኛው ቤት ሄዶ ይገለብጣል። ደብተሩን ይዝጉና አንዱን ጥያቄ ይምረጡ። «እስቲ እኔ አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ይበሉት። አጥርቶ ካስረዳ ከስልክም ተምሯል፤ ይተዉት። ከተንተባተበ ያቺን ጥያቄ ከመጀመሪያው ይሥራት፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሌሎቹን ለዛሬ ይለፏቸው፤ ነገ የትኛዋን እንደሚመርጡ ግን አይንገሩት። ደግሞ ስልኩ የሰጠው መልስ ስህተት ሆኖ ካገኛችሁት ደስ ይበላችሁ። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ራሱ ፈልጎ ያግኝ።