ለክፉ ቀን የተቆጠበ ክኒን

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኝ የልብስ መደብር የምሠራ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። እጮኛዬ የኤችአይቪ ቫይረስ በደሙ ውስጥ እንዳለና ለ9 ዓመታት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንደወሰደ ከመተጫጨታችን በፊት ነግሮኛል፤ እኔ ተመርምሬ ነፃ ነኝ። በመጨረሻው ምርመራው ቫይረሱ በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ነበር። ነገር ግን የውጭ እርዳታ ሊቆም ነው የሚል ወሬ ከሰማ ወዲህ ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለለ ይወስድና የተረፈውን በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅማል። ስጠይቀው «ለክፉ ቀን ነው» ይለኛል። ልክ ነው? በጥር ስንጋባስ ልጅ መውለድ እንችላለን?

ሐ. ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እጮኛዎ የዛሬውን ክኒን ዛሬ ይዋጡ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት በአንድ ጊዜ መውሰድ አያስፈልግም፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ በሰዓቱ ይቀጥሉ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሲሳሳ በሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ የቆየው ቫይረስ እንደገና መራባት ይጀምራል፤ በሳሳ መድኃኒት መካከል የሚራባ ቫይረስ ደግሞ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድል ያገኛል። ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠው ክኒን ያን ቀን ሲመጣ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም የሚለው ነገር ማጽናኛ ብቻ ሳይሆን የተረጋገጠ እውነት ነው። በ14 የአውሮፓ አገሮች የተካሄደና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውን 888 ጥንዶች ተከታትሎ፣ 58 ሺህ ያህል ያለ ኮንዶም የተደረጉ ግንኙነቶችን መዝግቦ፣ ከተጓዳኙ የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኘም። ይሁን እንጂ ይህ ዋስትና የሚጸናው መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ ነው፤ ስለዚህ የቫይረሱ መጠን እንደገና ተለክቶ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ነፃ የሆነ ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ ስለሚወስደው የቅድመ መከላከያ ክኒንም የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ባለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ ያለ ኮንዶም ተገናኝታችሁ ከሆነ ከተጋለጡ በኋላ ለሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምርመራዎንም ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙ።

የእጮኛዎ ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም፤ እኔም በነርስነት ሥራዬ ከየት እንደሚመነጭ አይቻለሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በዓመት 350 ዶላር ላቀርብ እችላለሁ ሲል ነው የዓለም ገበያ የተናጋው። በአገራችንም ሕክምናው መጀመሪያ በክፍያ ነበር፤ ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ በነፃ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዘመን ታካሚዎቻችን በታክሲ ሲሄዱ ክኒኑ እየተንኮሻኮሸ እንዳያጋልጣቸው ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ ይጠቀጥቁ ነበር፤ አንዲት እናት የጠርሙሱን ወረቀት ፍቃ ስትጨርስ ጥፍሯ ነጭ ሆኖ አይቻለሁ። ዛሬ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ የያዘ ክኒን በቀን አንዴ ይወሰዳል፤ የዓመት ዋጋውም በዓለም አቀፍ ግዥ ከ45 ዶላር በታች ወርዷል። እንዲህ የረከሰ መድኃኒት እንደ ቀድሞው በቀላሉ ከድሃ እጅ ይወጣል ብዬ አላምንም።

የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ለሕይወት አድን የኤችአይቪ ሕክምና ብዙም ሳይቆይ የተለየ ፈቃድ ቢሰጥም፣ በብዙ አገሮች የምክር ሰጪዎችና የምርመራ ቀስቃሾች ሥራ ተስተጓጉሏል። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ካለ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ሕክምና ላይ የነበሩት 31.6 ሚሊዮን ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ደግሞ መያዛቸውን እንኳ ገና አያውቁም። ክኒኑ መጋዘን ሞልቶ ቢያድር፣ ሂዱና ተመርመሩ የሚላቸው ሰው ከሌለ አይደርሳቸውም። እርስዎ ተመርምረው፣ እጮኛዎም ሳይደብቁ ነግረዎት መገናኘታችሁ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው።

ልጅን በተመለከተ፣ ቫይረሱ ከአባት በቀጥታ ወደ ፅንስ አይተላለፍም፤ ሕፃኑን የሚያገኘው በእናቱ በኩል ብቻ ነው። እጮኛዎ ወደ ቀድሞው ውጤታቸው ከተመለሱና እርስዎ ነፃ ሆነው ከቆዩ በተፈጥሯዊ መንገድ መውለድ ትችላላችሁ፤ በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚደረገውን ምርመራ ግን አይለፉ።

ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት አብራችሁ ወደሚታከሙበት ክፍል ሂዱ፤ የብስኩት ቆርቆሮውንም ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያዋ የተረፉትን ክኒኖች ስትቆጥር ስንት ቀን እንደተዘለለ ታውቃለች፤ የቫይረሱ መጠን መቼ መለካት እንዳለበትም ከዚያ ተነስታ ትወስናለች። እጮኛዎን የሚቆጣቸው ሰው ካጋጠማቸው ሌላ ባለሙያ ይጠይቁ እንጂ የዘለሏቸውን ቀናት ቁጥር አይቀንሱ።